እርማት፦ ሙሾኩ ቴንሴይ የማንም ኮፒ አይደለም

«ሙሾኩ ቴንሴይ የስላይሙ ታሪክ ኮፒ ነው» የምትሉ ልጆች ኧረ ተዉ (ሁለቱም ሞቶ ሌላ ዓለም ውስጥ ዳግም ስለሚወለድ ሰው የሚተርኩ የጃፓን ታሪኮች ናቸው፣ «ስላይሙ» የምንለው That Time I Got Reincarnated as a Slime የሚባለውን ነው)፣ የሙሾኩ አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) በፈረንጆቹ 2021 ስለወጣ ነው እንጂ ታሪኩ እኮ ከ2012 ጀምሮ ጃፓን ውስጥ ኢንተርኔት ላይ ምዕራፍ በምዕራፍ በነፃ ሲነበብ የነበረ ነው፣ የስላይሙ ጽሑፍ ገና በ2013 ነው የተጀመረው፣ የስላይሙ አኒሜ በ2018 ቀድሞ ስለደረሰን ብቻ ቀዳሚ አይሆንም።

«የመኪና አደጋውስ፣ ሁለቱም ላይ አንድ አይደል?» ላላችሁት ደግሞ ስላይም ላይ መኪና የሚባል ነገር የለም፣ ሰውዬው መንገድ ላይ በቢላ ተወግቶ ነው የሞተው። ሙሾኩ ላይ ግን ሥራ የሌለው የ34 ዓመት ሰው ተማሪዎቹን አድናለሁ ብሎ ገብቶ ነው ከባድ መኪና የገጨው፣ ይሄን ያየ ሰው እንዴት አንድ ናቸው ይላል?

ሙሾኩን «የመጀመሪያው ኢሴካይ» (ወደ ሌላ ዓለም ስለሚገባ ሰው የሚተርክ የታሪክ ዓይነት) የሚሉትም ተሳስተዋል በነገራችን ላይ፣ ዳንባይን የሚባለው ኢሴካይ አኒሜ በ1983 በቲቪ ታይቷል።