ሰንጢውን ወደ ጠረጴዛው መልሱት

ሰሞኑን እዚሁ ጎንደር በተዘጋጀ አንድ የእደ ጥበብ ባዛር ላይ የሆነው ነገር በጣም አናዶኛል። አንድ የብረት ባለሙያ በእጁ የሠራቸውን ሰንጢዎች ከጠረጴዛው ላይ እንዲያነሳ ተደረገ። ከአዘጋጆቹ አንዱ የሰጡት ምክንያት አጭር ነው፦ «የሚታጠፍ ስለት የፈረንጅ ነው፤ ባህላዊ የሚባለው አፎት ያለው ነው።» ጎን ካለው ድንኳን ግን በማሽን የተቆረጠ፣ እጀታው ፕላስቲክ የሆነ፣ የፋሲል ግንብ የታተመበት ቢላዋ ሲሸጥ ዋለ። አፎት ስላለው ብቻ የጠየቀው የለም።

«የፈረንጅ ነው» የሚለው ክርክር ጎንደር ውስጥ መነሳቱ ራሱ ያሳፍራል። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የታነጹት ግንቦቻችን የህንድና የፖርቱጋል አሠራር አሻራ አለባቸው። የኛ ከመሆን ግን ያገዳቸው የለም። በርበሬም መነሻው አሜሪካ አህጉር ነው። ታዲያ ዶሮ ወጥም ከባህል ይውጣ?

ደግሞስ የትኛው ፈረንጅ? ኦስትሪያ ውስጥ ሃልሽታት የተገኘው የሚታጠፍ ቢላዋ ከ2 ሺህ 500 ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው። ሮማውያንም ነበራቸው። ፈረንሳዮች የሚኮሩበት ኦፒኔል የሚባለው የሚታጠፍ ቢላዋ የተጀመረው እንደ ፈረንጆቹ በ1890 ነው። ስለቱን የሚቆልፈው ቀለበት የተጨመረለት ደግሞ በ1955 ነው። እና እሱን ማን ነው ባህላዊ አይደለም ያለው?

ሰንጢን ባህላዊ የሚያደርገው አሠራሩ ነው። ስለቱን የሚይዘው ጀርባው ላይ ያለው ሞላ ነው። የሚከፈተው በጥፍር ተይዞ፣ በሁለት እጅ፣ ቀስ ተብሎ ነው። በአውራ ጣት ተስፈንጥሮ የሚወጣው ዓይነት ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ቢከለክሉ አልከራከርም። እጀታው ቀንድ ወይም እንጨት ነው። በምስማር ስለተያያዘ ሲላላ ይጠብቃል፣ ሲሰነጠቅ ይቀየራል። ብረቱ ይዝጋል፤ ግን የትም ድንጋይ ላይ ይሳላል። ይህ ሰው ስለቱን ያወጣው ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው። በወናፍ አግሎ፣ መስፍ ላይ ቀጥቅጦ፣ ውኃ ውስጥ ነክሮ። ከሁሉም የሚከብደው ሞላው ነው። ከጠነከረ ጥፍር ይሰብራል። ከላላ ስለቱ ጣት ላይ ይዘጋል። ያንን ልክ የሚያገኘው የለመደ እጅ ብቻ ነው። አፎት መስፋት ከዚህ የበለጠ ጥበብ ነው የሚል ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

ደግሞ ይህን የሚፈርደው ማን ነው? ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ወለቃ ቤተ እስራኤል ብረት ቀጥቃጮች ለዚህ አገር ማረሻውንም ቢላዋውንም ሲሠሩ ኖሩ። እኛ ደግሞ «ቡዳ» እያልን ሸሸናቸው። በሠሩልን ማረሻ አርሰን ማዕዳችንን ከለከልናቸው። ዛሬ አብዛኞቹ እስራኤል ናቸው። ወናፍ የሚነፋ ሰው ያን ሁሉ ንቀት ችሎ እዚህ ድረስ ያቆየልንን ሙያ፣ መዶሻ ጨብጦ የማያውቅ ኮሚቴ «ባህላዊ አይደለህም» ይለዋል። ይህ ድፍረት ነው።

«ሰንጢ የዱርዬ ነው» የሚሉም አሉ። ጩቤስ? አፎት ያለው ጩቤ ለሽንኩርት መክተፊያ ተሠራ እንዴ? ሰንጢ ሸንኮራ የሚላጥበት፣ ገመድ የሚቆረጥበት፣ እርሳስ የሚቀረጽበት የኪስ ዕቃ ነው።

አዘጋጆቹ ባለሙያውን ይቅርታ ይጠይቁ፣ ቦታውንም ይመልሱለት። ለሚቀጥለው ባዛር የሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ብረት ቀጥቃጮች ይግቡ። የፕላስቲክ እጀታውን ቢላዋም እነሱ ይዩትና ይፍረዱ።