ወለቃን መልሶ ማንሳት ይቻላል? ሁለት ጎንደሬዎች ተከራከሩ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጡ መንገድ ዳር የምትገኘው ወለቃ የሸክላ፣ የብረትና የሽመና መንደር ነበረች። ነዋሪዎቿ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ከሄዱ ወዲህ ሥራው ተቀዛቅዟል። መልሶ ይነሳ ወይስ ይቅር? አንዷ ከአዘዞ፣ አንዱ ከፒያሳ ጽፈዋል።

ከአዘዞ፦

እኔ ይነሳል ባይ ነኝ። የሸክላ ነገር አበቃለት የሚሉኝ ሰዎች ማታ ቤታቸው ገብተው የሚበሉት እንጀራ እኮ ከሸክላ ምጣድ ላይ የወጣ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዱም ቢሆን ሽቦው ከሥር ነው እንጂ ላዩ ሸክላ ነው። ቡናውም በጀበና ነው የሚፈላው። እንስራውን ጄሪካን ተክቶታል፣ እሺ። ድስቱንም ብረት ድስት። ምጣድና ጀበና ግን ዛሬም ከቤታችን አልወጡም።

ታዲያ ፈላጊ እያለ መንደሯ ለምን ትደክማለች? በእኔ እምነት ለቱሪስት ብቻ እንድትሠራ ስለተተወች ነው። የዳዊት ኮከብ ያለበት ትንሽ አንበሳ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ እንዲህ እንዲህ ያለው። እንግዳ ሲመጣ ይሸጣል፣ ሲጠፋ አቧራ ይለብሳል። መጀመሪያ ኮሮና መጣ፣ በ2013 የሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያ ደግሞ በሐምሌ 2015 በክልላችን ግጭት የተነሳ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ። ማን ይምጣና ይግዛ?

ሌላ አገር ተሞክሮ ተሳክቷል። ስኮትላንድ ውስጥ ኒው ላናርክ የምትባል የጥጥ ፈትል መንደር አለች። ፋብሪካው በ1968 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ ሰው ለቅቆ ቤቱ መፈራረስ ጀመረ። በ1974 የተቋቋመ የጥበቃ ማኅበር ቤቶቹን እያደሰ ሰው አስገባባቸው፣ በ2001 ዩኔስኮ መዘገባት። ዛሬም ሰው ይኖርባታል፣ ሱፍ ይፈተልባታል። እኛስ ምን ያንሰናል?

ከፒያሳ፦

እህቴ፣ ስለ ምጣዱ ያልሽው ልክ ነው። ስኮትላንዱ ላይ ግን አልስማማም። እዚያ የተዘጋው ፋብሪካ ነው፣ ከእኛ የሄደው ሕዝብ ነው። በ1977 በሱዳን በኩል የወጣው ወጣ፤ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ሙያውም አብሮ ሄደ። ቤት ብታድሺ ሰዉን ከየት ታመጫለሽ?

ደግሞ ሸክላና ብረት ላይ ለምን እንደዋሉ አንርሳ። ርስት ስለተከለከሉ ነው። ማረሻውንም ምጣዱንም ከእነሱ እየገዛን "ቡዳ" እያልን እንሸሻቸው ነበር። አሁን ያንኑ መንደር "የባህል መንደር" ብለን አስውበን ለጎብኚ ማሳየቱ ይከብደኛል፣ እውነቴን ነው።

የሥራውንም ድካም አይተሽዋል። ሴትዮዋ አፈሩን ትወቅጣለች፣ ትነፋለች፣ የተሰበረ ሸክላ ፈጭታ ትቀላቅላለች፣ በእጇ ብቻ ታበጃለች፣ ሲጠነክር በለስላሳ ድንጋይ እያሸች ታለሰልሰዋለች፣ በመጨረሻም ሜዳ ላይ በኩበትና በእንጨት ትተኩሰዋለች፣ ጢሱ ዓይኗን እየበላው። ከእሳቱ ሲወጣ ከተሰነጠቀ የስንት ቀን ልፋቷ ገደል ገባ። ልጇ ይህን አልፈልግም፣ ትምህርቴ ይሻለኛል ብትል ማን ይፈርድባታል?

ከአዘዞ፦

ወንድሜ፣ ጎብኚ አምጡ አላልኩም እኮ። ሙያውም ሁሉ አልሄደም። ጎረቤት የነበሩ ሴቶች ተምረውት ዛሬም እዚያው ይሠራሉ። እኔ የምጠይቀው ለእነሱ ነው። ክረምት ሲገባ ሸክላው አይደርቅላቸውም፣ ሜዳ ላይ መተኮስም አይቻልም። ጣሪያ ያለው ማድረቂያና እሳቱን የሚቆጥብ እቶን ይሠራላቸው። ቅዳሜ ገበያ ላይ የራሳቸው ቦታ ይኑራቸው፣ በጋሪ ሲንገጫገጭ ከሚሰበረው ተርፎ የደረሰውን ነጋዴ በርካሽ እንዳይጠቀልለው። የምጣድ አከፋፋዮች ከእነሱ ቢረከቡ ደግሞ ቱሪስት መጣ አልመጣ አያስጨንቃቸውም። ስለ ስድቡ የምትለው ያመኛል። ግን ስድቡ ሙያው በመጥፋቱ አይጠፋም። ሸክላ ሠሪዋ በገቢዋ ልጆቿን ስታስተምርና ቤቷን ስትሠራ ነው ሰው አፉን የሚይዘው።

ልጅቷ ካልፈለገች አትሥራ። የምትፈልገዋ ግን አሁን ባለው ገቢ መቆየት አትችልም።

ከፒያሳ፦

እቶኑን አልቃወምም፣ ይሠራላቸው። ግን ለምን የግድ ወለቃ? ምጣድ ለመሥራት አፈሩ፣ ውሃውና ገበያው ይበቃል። ሥራው ለከተማው ቢቀርብ የጋሪውም መሰበር ይቀንስ ነበር። "ወለቃን እናንሳ" ሲባል ገንዘቡ አጥርና በር ማሳመር ላይ እንዳያልቅ እፈራለሁ።

አንድ ነገር ላይ ግን ንቅንቅ አልልም። እዚያ የቀረው የጸሎት ቤትና የመቃብር ቦታ የሄዱት ሰዎች ነው። ልጆቻቸው ዛሬም ከእስራኤል እየመጡ ያዩታል። እነሱን ሳንጠይቅ፣ እሺ ሳይሉን፣ አንድ ድንጋይ እንኳ ማንቀሳቀስ የለብንም።

ከአዘዞ፦

በዚህስ እንስማማለን። ለወለቃ ግን አሁንም እሟገታለሁ። ሴቶቹ ቤታቸውም፣ አፈር የሚያወጡበትም ቦታ እዚያው ነው። ወደ ከተማ ይምጡ ከተባለ የቤት ኪራዩን ማን ይክፈልላቸው?