ለሲልቨር ስፕሪንጉ ልጅ ምን እንምከረው?

ይህ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች የተጻጻፉት ክርክር ነው። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ በቅርቡ የአሜሪካ ዜግነት ያገኘ ወጣት ለአጎቱ ደውሎ «ሁለቱም ፓርቲዎች አልጣሙኝም፤ ማንን ልምረጥ?» ብሎ ነበር። አጎትየው ጡረታ የወጡ የሥነ ዜጋ መምህር ሲሆኑ፣ ተከራካሪያቸው ወጣት የሒሳብ ባለሙያ ናት።

መምህሩ፦ የእኅቴን ልጅ የመከርኩት ከሁለቱ ጉዳቱ የሚያንሰውን እንዲመርጥ፣ ጠቡን ግን ፓርቲው ውስጥ ገብቶ እንዲጣላ ነው። በአንድ የምርጫ ክልል አንድ ሰው ብቻ በሚያሸንፍበት፣ ለማሸነፍም ከተከታዩ በአንድ ድምፅ መብለጥ በሚበቃበት ሥርዓት፣ ሦስተኛ ዕጩ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው በአሳብ የሚቀርበውን ተወዳዳሪ ነው። ባለፈው ዓመት በዕድራችን ያየነው ይኸው ነው፤ ጸሐፊው በድንኳኑ አግዳሚዎች መካከል እየተዘዋወረ እጅ ሲቆጥር ነባሩ ሰብሳቢ 31፣ ለውጥ እናመጣለን ያሉት ሁለቱ 27 እና 24 አገኙ። ለውጥ የፈለገው 51 ሰው ነበር፤ ሰብሳቢው ግን አሁንም በወንበሩ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የፕሬዚዳንቱን ምርጫ በወሰነችው በፍሎሪዳ ግዛት ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ቡሽ ዴሞክራቱን አል ጎርን የበለጠው በ537 ድምፅ ሲሆን፣ በአሳብ ለጎር የሚቀርበው የሦስተኛ ፓርቲ ዕጩ ራልፍ ኔደር በዚያው ግዛት ከ97 ሺህ በላይ ድምፅ ወስዷል።

ፓርቲን ማረም የሚቻለው በቅድመ ምርጫ፣ ማለትም መራጩ የፓርቲውን ዕጩ በሚመርጥበት ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሂዩበርት ሃምፍሪ በአንድም ቅድመ ምርጫ ሳይወዳደር የዴሞክራቶች ዕጩ ሆኖ ነበር፤ የዚያ ቁጣ ግን ፓርቲው የዕጩ አመራረጥ ደንቡን እንዲለውጥ አስገደደው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ ኮርቴዝ በኒው ዮርክ የፓርቲዋን አንጋፋ የምክር ቤት አባል በቅድመ ምርጫ የጣለችው 17 ሺህ ገደማ ድምፅ ብቻ አግኝታ ነው።

የሒሳብ ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ ምክርዎ ለያኔዋ ፍሎሪዳ ሰው ቢሆን ዝም እል ነበር። ልጁ ግን ያለው ሜሪላንድ ነው። ግዛቱ ከ1992 እ.ኤ.አ. ወዲህ በፕሬዚዳንት ምርጫ ዴሞክራት ያልመረጠበት ጊዜ የለም፤ የልጁ ድምፅ በሞላ ጀሪካን ላይ የሚፈስ ውኃ ነው። (ውኃ በፈረቃ ለምናገኝ ለእኛ ይህን ማስረዳት አያሻም።) ለሦስተኛ ፓርቲ ቢሰጠው ማንንም አይጥልም፤ ቢያንስ ቅሬታው ይቆጠርለታል። ጎርም ቢሆን በሴኔት የወከላትን ግዛቱን ቴነሲን አሸንፎ ቢሆን ፍሎሪዳ ባላስፈለገችው ነበር፤ ያንን ጥፋት በኔደር ላይ መጫን አይገባም።

ሰፈራችን ያለ ባለሱቅ ደንበኛው ሌላ ሱቅ እንደማይሄድ ካወቀ ዋጋ አይቀንስም። «የትም አይሄድም» የተባለ መራጭም እንዲሁ ነው፤ በየአራት ዓመቱ ጉልቻው ይለዋወጥለታል እንጂ ወጡ አይጣፍጥለትም። በሜይን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2010 ፖል ለፔጅ ድምፁ በበርካታ ተፎካካሪዎች ተከፋፍሎ 38 በመቶ ገደማ ድምፅ ብቻ ይዞ ገዥ ሆነ። ሕዝቡ ግን «ሦስተኛ ዕጩ አይኑር» አላለም፤ በ2016 በሕዝበ ውሳኔ አቆጣጠሩን ለወጠና መራጩ ዕጩዎችን በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጥ አደረገ። በ2018 ለተወካዮች ምክር ቤት በተደረገው ውድድር በመጀመሪያው ቆጠራ የመራው ብሩስ ፖሊኩዊን፣ የወደቁት ዕጩዎች ድምፅ መራጮቻቸው ቀጥለው ላስቀመጧቸው ዕጩዎች ሲከፋፈል በጃሬድ ጎልደን ተሸነፈ። የዕድራችንም ጥፋት ያለው በአቆጣጠሩ ነው፤ ሁለቱን ብልጫ ያላቸውን ለይተን እንደገና ብንቆጥር ኖሮ 51ዱ ሰው ባልተሸነፈ ነበር።

መምህሩ፦ ካርታውን ሳላይ መምከሬን አምኛለሁ። ነገር ግን ልጄ፣ ያው ካርታ ለእኔም ይመሰክራል። አንድ ፓርቲ ሁልጊዜ በሚያሸንፍበት ግዛት እውነተኛው ምርጫ ቅድመ ምርጫው ነው፤ በሜሪላንድ ደግሞ በዚያ ድምፅ የሚሰጠው በፓርቲው ስም የተመዘገበ ሰው ነው። ሁለቱንም ጠልቶ ሳይመዘገብ ከቀረ፣ ወጥ ሠሪዋ በምትመረጥበት ቀን ከማጀት ውጭ ቆሞ ይቀራል። በዋናው ምርጫ የፈለገውን ይምረጥ፤ በቅድመ ምርጫው ግን ስሙ በመዝገቡ ላይ ይገኝ።

የሒሳብ ባለሙያዋ፦ ይህን እቀበላለሁ፤ የሚሠራው ግን በር ባለበት ነው። ለእኛ ሰፈር ወጣቶች «ከውስጥ አርሙት» ሲሏቸው በየትኛው በር ይግቡ? በእኛ አገር ተራው መራጭ የፓርቲን ዕጩ የሚመርጥበት ቅድመ ምርጫ የለም፤ ስሙን የሚያየው ተዘጋጅቶ ሲቀርብለት ነው። አቆጣጠሩንም መለወጥ ቀላል አይደለም፤ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ዕጩ እንዲያሸንፍ የሚያዝዘው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ነው። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ ወሰደ፤ በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግ 22ቱን ወሰደ። በሁለቱም ጊዜ ለተሸናፊው ድምፁን የሰጠው የከተማው ነዋሪ ከሞላ ጎደል ተወካይ አልባ ሆነ። ይህን ከውስጥ የሚያርመው የትኛው አባል ነው?

ሕገ መንግሥቱን ባንደርስበትም ዕድሩን እንደርስበታለን። ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ በሁለት ዙር እንዲቆጠር አጀንዳ አዘጋጅቻለሁ፤ የ10 አባላት ፊርማ ያስፈልገዋል፣ 9 አለኝ።

መምህሩ፦ ወረቀቱን ነገ ላኪልኝ፤ እፈርማለሁ። ሆኖም ከጉባኤው በፊት ሁለቱን ለውጥ ፈላጊዎች ቡና ጠርቼ አንዳቸው እንዲለቁ እለምናለሁ፤ ጉባኤው አጀንዳሽን ባያጸድቀው 51 ሰው ዳግም እንዳይሸነፍ።