ይለምልም ዝርዝራችን!

ቱሉ ዲምቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ስልኩ ላይ ያፈጠጠ ሰው ስታዩ ቲክቶክ እያየ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። የሥራ ዝርዝሩን እያሳመረ ሊሆን ይችላል። «የቤት ካርታ ማውጣት፣ ቧንቧ ሠሪ መጥራት፣ አክስቴን መጠየቅ፣ እንግሊዝኛ ማሻሻል።» አራቱም የዛሬ ናቸው። ሰልፉ ገና ፈቀቅ አላለም።

እንዲህ ያለ ሰው ሊመሰገን ይገባል። ምክንያቱም የዝርዝር ትልቁ ጸጋው «መቼ?» ብሎ አለመጠየቁ ነው። ቧንቧውም አንድ መስመር፣ እንግሊዝኛውም አንድ መስመር። አንዱ የግማሽ ቀን፣ ሌላው የዓመታት ሥራ መሆኑ ዝርዝሩን አያገባውም።

ካላንደር ግን ነገረኛ ነው። ካርታውን ማክሰኞ 3 ሰዓት ላይ ላስቀምጥ ስትሉት ሰልፉን ይቆጥርባችኋል። ክፍለ ከተማ ደርሳችሁ «ሲስተም የለም» ስትባሉ የምትቀመጡበትንም ይቆጥራል። በመጨረሻ ማክሰኞ ከአንድ ጉዳይ በላይ እንደማይችል አፍ አውጥቶ ይነግራችኋል። ይኼ ሞራል መንካት እንጂ ምን ይባላል?

አንድ የኮንዶሚኒየም ጎረቤታችን ሥልጡን ልሁን ብሎ የቧንቧ ሠሪውን ቀጠሮ ስልኩ ላይ «3 ሰዓት» ብሎ መዘገበ። ስልኩም በፈረንጅ አቆጣጠር ታምኖ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጮኸ። ግድግዳችን ስስ ነው፤ ደረጃው በሙሉ አብሮ ነቃ። ሰውየው በማግስቱ ወደ ዝርዝሩ ተመለሰ። ደግ አደረገ። ዝርዝር ሌሊት አይጮህም። ቀንም አይጮህም።

ካላንደር አናውቅም እንዳይባል ደግሞ ሳሎናችን ውስጥ ባንክ የሰጠን ተሰቅሏል። 12ቱ ወር 30፣ 30 ቀን፣ ጳጉሜ 5፣ በአራት ዓመት አንዴ 6። በ21 ማርያም ማኅበር የሚደርሳት እናት ጠላዋን ቀድማ ትጠነስሳለች፤ ዝርዝር አልጻፈችም፣ ዘግይታም አታውቅም። እቁብተኛውም ያው ነው። «እቁብ መጣል» ብሎ ስልኩ ላይ ጽፎ ከሳምንት ሳምንት የሚያንከባልል ሰው አይታችኋል? እሁድ ደረሰ፣ ጣለ፣ አለቀ። ቀን የተቆረጠለት ነገር ይፈጸማላ! እንግዲህ አደጋውን አስቡት። ካርታውም እንደ እቁቡ ቀን ቢቆረጥለት ይወጣ ነበር። ከዚያ ሰልፍ ላይ ምን እንጽፋለን?

ቀን መቁረጥ የሚያስከትለው ሌላም ጣጣ አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጀት ሰኔ 30 አለው፤ ያልተሠራበት ተመላሽ ይሆናል። የኛ ዝርዝር ግን ተመላሽ አያውቅም። መስከረም ሲጠባ በንጹሕ ጽሑፍ ወደ አዲሱ አጀንዳ ይገለበጣል። መገልበጡ ራሱ ደግሞ ሥራ ነው፣ ያውም ላብ የሚያስወጣ። «ዝርዝር ማዘጋጀት» ብሎ አንደኛ ተራ ላይ ጽፎ፣ ወዲያው ራይት አድርጎበት፣ ቡናውን ፉት የሚል ሰው ፊቱ ላይ የሚታየውን እርካታ ካርታ ያወጣ ሰው ፊት ላይ አታገኙትም። እሱማ ደክሞታል።

ስለዚህ ለመጪው ዓመት አጀንዳ ለምታሳትሙልን ባንኮች ትንሽ አቤቱታ አለን። ገጹ አናት ላይ ቀን ማተሙ ይቅርብን። መስመሩን ብቻ አብዙልን።