ቀኑን ንገሩን፣ ቁርጣችንን እንወቅ

ማስተርስም ይሁን ፒኤችዲ ያመለከተ ሰው አንደኛ የሚፈልገው መግባት ነው፣ ይሄ ግልጽ ነው። ሁለተኛ የሚፈልገው ደግሞ ካልገባም ቁርጡን ማወቅ ነው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም አንደኛውን ማንም ለሁሉም ሊሰጥ አይችልም፣ ወንበሩም ውስን ነው በጀቱም ውስን ነው፣ ሁለተኛው ግን አንድ ቀን ቆርጦ መናገር ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ እና ይሄን ስላጣን ነው ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ፣ ቱሉ አውሊያ ያለው ስንቱ ወጣት መምህርና ምሩቅ ወራቱን ልቡ ተንጠልጥሎ የሚያሳልፈው።

ውጭ ሀገር ካመለከቱት ልጀምር፣ እነሱ ቢያንስ የሚቆጥሩት ካላንደር አላቸው። አሜሪካ አብዛኛው የፒኤችዲ ማመልከቻ የሚዘጋው ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ነው፣ ኢንተርቪው የሚያደርጉት ፕሮግራሞች ጥርና የካቲት ላይ ይጠራሉ፣ መልሱ ከየካቲት ጀምሮ እየተንጠባጠበ ይመጣል። ከዛ ሚያዝያ 7 አለ፣ በነሱ ኤፕሪል 15። ይሄ ቀን ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፣ የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ያወጣው ስምምነት ነው፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ፈርመውበታል፣ ገንዘብ ያለበት ቅበላ የተሰጠው ተማሪ እስከዛ ቀን ድረስ እሺ ወይም እምቢ እንዲል አይገደድም ይላል። ተማሪው ስንት ቦታ እንደተቀበለው አይቶ፣ ከቤተሰቡ ጋ ተማክሮ፣ አንዱን ይይዛል ሌላውን ይለቃል፣ የተለቀቀው ወንበር ደግሞ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ላለው ይሄዳል።

ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲዎቹ መጋቢት ላይ ዝም ማለታቸውን እንደ እምቢታ የሚቆጥሩትን ልጆች ቆይ የምላቸው። አንድ ዲፓርትመንት መጀመሪያ የፈለጋቸውን ይጠራል፣ እነሱ እስኪወስኑ ይጠብቃል፣ ስለዚ አንተ ወረፋው መሀል ላይ ካለህ እነሱም ራሳቸው መልስህን ገና አያውቁትም። የሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት ላይ ከተጠባባቂ ዝርዝር ተነስቶ የሚጠራ ሰው አለ። የአውሮፓ ኅብረት የማስተርስ ስኮላርሺፕ ኢራስመስ ሙንዱስም እንደዛው ነው፣ ዋና ዝርዝር አለ ተጠባባቂ አለ፣ ዋናዎቹ ሲተዉ ተጠባባቂው ይገባል። ኢንተርቪው አልተጠራሁም ብሎ ተስፋ መቁረጥም ልክ አይደለም፣ ባዮሎጂና ጤና ነክ ዘርፎች ኢንተርቪው የተለመደ ነው፣ ብዙ የኢንጂነሪንግና የሒሳብ ፕሮግራሞች ግን ወረቀት አይተው ብቻ ይቀበላሉ። የእንግሊዝ መንግሥት የማስተርስ ስኮላርሺፕ ቼቭኒንግ ያመለከተ ደግሞ ኢንተርቪው ሰጥቶ ውጤቱን እስከ ሰኔ ድረስ እንደሚጠብቅ ከመጀመሪያው ይነገረዋል፣ ረጅም ነው ግን ያውቀዋል።

ይሄን ሁሉ የምዘረዝረው የነሱ ሲስተም ደግ ነው ለማለት አይደለም። ለኛ ሰው ከባድ ነው። የማመልከቻ ክፍያው ብዙ ቦታ ከ50 እስከ 100 ዶላር አካባቢ ነው፣ ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ነገር ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 በላይ ወጣ፣ ስለዚ በመምህር ደሞዝ አራት አምስት ቦታ ማመልከት ማለት ምን እንደሆነ መምህር የሆነ ያውቀዋል። ዶላር የሚከፍል ካርድም የለንም፣ ውጭ ያለ ዘመድ ይለመናል። ስለዚ ክፍያ እንዲነሳላችሁ ጻፉላቸው፣ አትፈሩ፣ ችግሩን አስረድቶ ለጠየቀ የሚያነሱ ብዙ ናቸው፣ መጠየቅ ልመና አይደለም።

ኢንተርቪው የደረሰው ሰው ጭንቀቱ ደግሞ ሌላ ነው። ጥርና የካቲት ላይ ኒውዮርክ ጠዋት ሲሆን እኛ ጋ መሽቷል፣ የነሱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት የኛ ከምሽቱ 12 ነው። ካሊፎርኒያ ከሆነ ይብሳል፣ እዛ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ሲሉህ አንተ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው ሸሚዝ ለብሰህ የምትቀመጠው። መጋቢት መግቢያ አካባቢ ደግሞ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚገፉት ልዩነቱ ይቀየራል፣ ይሄን ሳያይ ቀጠሮ የሚያልፈው ሰው ሊኖር ይችላልና ደጋግማችሁ አረጋግጡ። እሺ ሰዓቱ ይሁን፣ መብራቱስ? ኔትወርኩስ? ከሐምሌ መጨረሻ 2015 በኋላ ክልላችን አማራ ላይ የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ጠፍቶ ሲቆይ ልጆቻችን ዋይፋይ ያለበት ቢሮና ሆቴል እየለመኑ ነበር ኢሜይላቸውን የሚያዩት፣ የስራ ባልደረባዬ ኢንተርቪው ላይ እያለ መብራት ሄዶበት በስልኩ ባትሪ ነው የጨረሰው። እሱን ያየሁ ቀን አንድ ነገር ወሰንኩ፣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው፣ ከኢንተርቪው ቀን በፊት ለፕሮፌሰሩ ወይም ለአስተባባሪው አጭር ኢሜይል ጻፉና እኛ ጋ መብራትና ኔትወርክ ሊቋረጥ ይችላል፣ ከተቋረጠ በዚህ ስልክ ልትደውሉልኝ ትችላላችሁ ወይ በሉ። ሰው ናቸው፣ ይረዳሉ፣ ሳይነገራቸው ሲቋረጥ ግን ምን እንደሆነ አያውቁም።

አሁን ወደኛው ቤት ልመለስ፣ ዋናው ሀሳቤ እዚህ ነው ያለው።

ሀገር ውስጥ የሚያመለክት ሰው መጀመሪያ ጋት የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ይፈተናል፣ እሱ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በትምህርት ሚኒስቴር በኩል ሀገር አቀፍ ሆኗል፣ በኮምፒውተር ነው፣ ውጤቱም ኦንላይን ይታያል፣ ጥሩ። ከዛ ቴምፖውን (ጊዜያዊ ዲግሪውን)፣ ስቱደንት ኮፒውን (ለተማሪው የሚሰጠውን የውጤት ወረቀት)፣ ሪኮመንዴሽኑን፣ የስፖንሰር ደብዳቤውን ይዞ ወደሚፈልገው ዩኒቨርሲቲ ያመለክታል፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ይላካል፣ ለሱ ደግሞ የወጪ መጋራቱ ጉዳይ መጠናቀቅ አለበት። ይሄ ሁሉ ቀን ቀን አለው። ማስታወቂያው ላይ የማመልከቻ ጊዜ ከዚህ እስከዚህ ይላል፣ ፈተና በዚህ ቀን ይላል። ከፈተናውና ከኢንተርቪው በኋላ ግን ካላንደሩ ያልቃል። ውጤት በውስጥ ማስታወቂያ ይገለጻል፣ አለቀ። መቼ? በቅርቡ።

እኔ ራሴ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ስሙን አልጠራውም፣ ለፒኤችዲ ኢንተርቪው ቀርቤ የሰራሁትን ኮንሰፕት ኖት፣ ማለትም አጭር የጥናት ሀሳብ፣ አቅርቤ፣ በደንብ ተጠይቄ፣ በደንብ መልሼ፣ በቅርቡ እናሳውቃችኋለን ተብዬ ወጣሁ። ከዛ በኋላ ማንም ምንም አላለኝም። ቢሮው ስደውል ኃላፊው የለም፣ ዲኑ ጋ ነው ያለው፣ ሴኔት አልጸደቀም፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ስልኩ አይነሳም። ትምህርት መጀመሩን የሰማሁት እዛ ከገባ ከሌላ ሰው ነው። አለመግባቴ አይደለም ያንገበገበኝ፣ የገቡት ጎበዞች ናቸው፣ አምናለሁ። ያንገበገበኝ በዛ መሀል የቤት ኪራይ ውል ሳላድስ፣ ትርፍ የማስተምርበትን ቦታ እምቢ ብዬ፣ እናቴን ዛሬ ነገ እሄዳለሁ እያልኩ መቆየቴ ነው።

እኔ ደግሞ ደሴ ከተማ ውስጥ ነኝ፣ ይሻለኛል። ደላንታ ወይ ወግዲ ወይ ለገሂዳ ያለን መምህር አስቡት። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል ሲባል ከርእሰ መምህሩ ፈቃድ ለምኖ፣ መንገዱ ክፍት ነው ወይ ብሎ ጠይቆ፣ የሰው ቤት አድሮ ነው የሚያየው፣ ደርሶ ሲያይ ደግሞ የሌላ ዲፓርትመንት ዝርዝር ሆኖ ያገኘዋል። ልጅ ያላት መምህርት ከሆነች ልጁን ለማን ትታው ትመጣለች? ለሷ የመልስ ቀን አለማወቅ ማለት ዝውውር መጠየቅና አለመጠየቅ፣ ባሏ ጋ መሆንና አለመሆን ነው። ይሄ ትውልድ ደግሞ ቀድሞውኑ ዓመቱ የተሸራረፈ ነው፣ በኮሮና ጊዜ ቤቱ ተቀመጠ፣ 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሲዘረፍና ሲወድም፣ ወልዲያም እንደዛው ሲሆን ትምህርቱ ተቋረጠ፣ ከዛ በኋላ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እና ይሄን ሁሉ ያለፈ ልጅ ላይ እኛው በገዛ እጃችን ያልታወቀ ወራት ስንጨምርበት ያመኛል።

የዲፓርትመንት ሰዎችን ችግር አላውቅም ብዬ አይደለም፣ እኔም የማስተምር ሰው ነኝ፣ ስብሰባው ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ። አንድ ፕሮግራም ለመክፈት የሚበቃ ተማሪ መኖሩ ይታያል፣ የሚያማክር ፒኤችዲ ያለው መምህር ይታያል፣ የስፖንሰር ደብዳቤ ሳይመጣ ይቆያል፣ በላይኛው ደረጃ ሳይጸድቅ አይለጠፍም። ሁሉም እውነተኛ ምክንያት ነው። ግን አንዱም ቢሆን ቀን እንዳይነገር የሚከለክል አይደለም። ቢዘገይ ዘግይቷል፣ አዲሱ ቀን ይሄ ነው ማለት ይቻላል። ስንት ነገር በቴሌግራም እየተለጠፈ ይሄ ብቻ ለምን ሰሌዳ ላይ ይጠበቃል።

ሚያዝያ 7ን ያነሳሁትም ለዚህ ነው። ያ ቀን የሀብት ጉዳይ አይደለም፣ ዩኒቨርሲቲዎች ቁጭ ብለው የተስማሙበት ነው። እኛ ጋ አንድ አመልካች ወሎም ባሕር ዳርም ጎንደርም ሊያመለክት ይችላል፣ ሁለቱ ከተቀበሉት አንዱ ጋ ይሄዳል፣ ሌላኛው ጋ ያለው ስሙ ዝርዝሩ ላይ እንዳለ ይቀራል፣ ምዝገባ ሲያልፍ ነው አለመምጣቱ የሚታወቀው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ተጠባባቂውን ለመጥራት ረፍዷል፣ ወይ ተጠባባቂ የሚባል ዝርዝር ጭራሽ አልወጣም። ባዶ ወንበር አለ፣ በሩ ላይ የቆመ ሰው አለ፣ የሚያገናኛቸው የለም። ቢያንስ በክልላችን ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች ውጤት የሚያሳውቁበትን አንድ ቀን፣ ተማሪው እሺ የሚልበትን ሌላ ቀን፣ ተጠባባቂ የሚጠራበትን ሦስተኛ ቀን ተስማምተው ቢያወጡ ለራሳቸውም ወንበራቸው ይሞላል። ለአመልካቹ ደግሞ እንቅልፍ ነው።

ያልገባም ይነገረው። የገቡትን ስም ለጥፎ የቀረው ራሱ ይገባዋል ማለት ልክ አይደለም፣ እናቱ ቤት ሆኖ የስም ዝርዝር ፎቶ በሰው ስልክ አጉልቶ አጉልቶ የሚፈልግ ልጅ አለ፣ ደብዝዞ ነው ወይስ የለሁም እያለ። አልተቀበልንህም፣ ጋትህ ይሄን ያህል ነበር፣ የዲፓርትመንቱ ፈተና ይሄን ያህል፣ ኢንተርቪው ይሄን ያህል ቢባል ይከፋዋል እንጂ አይሞትም፣ ለከርሞ ምን ማስተካከል እንዳለበት ያውቃል።

ለቤተሰብና ለጎረቤትም የምለው አለኝ። እኛ ወሎዎች ሰው ሲጨነቅ ዝም ብሎ ማየት አንችልም፣ ቡና ላይ ስሙ ይነሳል፣ ዱዓ ይደረግለታል፣ ስለት ይገባለታል፣ አብሽር ልጄ ይባላል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ስንቱን አቁሞታል። ግን በየቀኑ ‹‹ምን አሉህ? እስካሁን አልጠሩህም?›› አትበሉት። እሱም አያውቅም፣ ሲኖር ይነግራችኋል፣ እስከዛ ስለ ሌላ ነገር አውሩት፣ ስራም አዙት፣ አብራችሁት ብሉ። የሚጠብቀውም ልጅ ቢሆን ኢሜይሉን ጠዋት አንዴ ማታ አንዴ አይቶ ስልኩን ያስቀምጥ፣ ሁለት ቦታ ተቀባይነት ያገኘ ደግሞ የማይሄድበትን ዛሬውኑ ይልቀቅ፣ ኮምቦልቻ ወይ ወረኢሉ ተቀምጦ ያቺን ወንበር የሚጠብቅ ሰው አለ።

የሚቀጥለው ዙር ማስታወቂያ ሲወጣ ማመልከቻ ከሚዘጋበት ቀን ስር ሁለት መስመር ይጨመርበት፣ ኢንተርቪው የሚደረግበት ሳምንት፣ ውጤት የሚገለጽበት ቀን። ማስታወቂያውን የምታረቅቁት ሬጅስትራርና ድኅረ ምረቃ ቢሮ ያላችሁ ጓደኞቼ ናችሁ፣ አውቃችኋለሁ፣ እናንተም ጠብቃችኋል። እነዛን ሁለት መስመሮች ጻፉልን።