ማኅሌቱን ቀርጾ ለማስቀመጥ ስንት ማይክሮፎን ያስፈልጋል?

የክርክሩ ነጥብ ይህ ነው። የሰሜን ሸዋ ክብ አብያተ ክርስቲያናት የውስጥ ድምፅ ተቀርጾ ይቀመጥ ተባለ። አድማጩ በኮምፒውተር ከቅኔ ማኅሌቱ አንድ ጥግ ወደ ሌላው ሲሻገር ድምፁም አብሮ ይቀየርለት። ለዚህ ጥቂት ማይክሮፎንና ያልተለካውን ቦታ የሚሞላ ስሌት ይበቃል?

ይበቃል (ከደብረ ብርሃን)

በሚገባ ይበቃል። 10 ሜትር በ8፣ ከፍታው 5 ሜትር የሆነ አዳራሽ እንውሰድ። ከ100 ሄርዝ (በሰከንድ 100 ንዝረት) በታች ክፍሉ ራሱ የሚያስተጋባባቸው የሞገድ ቅርጾች 70 ገደማ ናቸው። የከበሮው ጉምጉምታ ያለው እዚያ ነው። የእነዚህን 70 ቅርጾች ያልታወቀ መጠን ለማግኘት ቤቱን በሽቦ መሙላት ለምን? ቀጭኑም ድምፅ ቢሆን መጀመሪያ ጆሮ የሚደርሰው ከጥቂት አቅጣጫ ነው፤ ከመሪጌታው፣ ከግድግዳው፣ ከጣሪያው። እነዚያን ብቻ የሚያስስ ስሌት ትንሽ ልኬት ይበቃዋል። ብዙ ማይክሮፎን ካልተገኘ አይሆንም ካልን ገንዘብ የሌለው ደብር ምንም ሳይቀረጽ ይቀራል። የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

አይበቃም (ከአንኮበር)

ወንድሜ፣ ከበሮውን ተቀብያለሁ። ጸናጽሉስ? ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በ1,000 ሄርዝ የሞገዱ ርዝመት 34 ሳንቲ ሜትር ነው። ማይክሮፎኖቹ ከዚህ ግማሽ፣ ማለትም ከ17 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተራራቁ ስሌቱ አንዱን አቅጣጫ ከሌላው ያምታታል። በ5,000 ሄርዝ ክፍተቱ ከ3.4 ሳንቲ ሜትር ማለፍ የለበትም። ጸናጽል ደግሞ ከዚያም በላይ ይወጣል። በዚያው ባንተ አዳራሽ እስከ 1,000 ሄርዝ ስንቆጥር 70ዎቹ ቅርጾች ከ40,000 ያልፋሉ። ያውም ባለ አራት ማዕዘን ነው። የእኛ ቤት ክብ ነው፤ የጎበጠ ግድግዳ ድምፁን አንድ ቦታ ሰብስቦ ሌላውን ይነፍገዋል። ማይክሮፎን ያልደረሰበትን ቦታ ስሌቱ የሚሞላው በግምት ነው። ማኅሌትን ያህል ነገር በግምት አናስቀምጥም!

ይበቃል

እህቴ፣ ቤቱ እስካልተለወጠ ድረስ አንዱን ማይክሮፎን እያዘዋወሩ መለካት ይቻላል። ባዶው ቤት ውስጥ ድምፅ ማጉያው ከወፍራም እስከ ቀጭን ያንኑ ድምፅ ይደጋግማል። ብዙ ልኬት በርካሽ ይገኛል።

አይበቃም

ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ቤቱ ይለወጣል። ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 0.6 ሜትር ገደማ ይጨምራል። የደብረ ብርሃንን ንጋትና ቀትር ታውቀዋለህ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ልኬት ጋር ሙቀቱም ይመዝገብ። ጋቢ የለበሰ ምእመን የሞላው ቤትም እንደ ባዶው አያስተጋባም፤ በበዓል ቀን ለብቻው ይለካ። መቅደስ ደግሞ ማይክሮፎን አይገባም። የቄሱ ድምፅ ከዚያ ስለሚወጣ፣ ከውጭ ተነሥቶ ውስጡን ማስላት አስተማማኝ አይደለም። በሚዘጋጀው ቅጂ ላይ ያ ክፍል አልተለካም ተብሎ በግልጽ ይጻፍ።