የንፋስ ልግስና

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የደሴ ሰላምታ አንድ ጥያቄ ጨምሯል። «እንዴት አደሩ? ልጆች ደኅና ናቸው? ዘመድ አዝማዱስ?» ከተባለ በኋላ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ «ስንት ፐርሰንት ነዎት?» ይከተላል። ባለ ኤሌክትሪክ መኪናው የባትሪውን ነገር «አልሐምዱሊላህ፣ ሰማንያ ሁለት» ሲል ክርስቲያን ጎረቤቱ «ተመስገን» ይልለታል። ስለ ጎማው ንፋስ ግን የሚጠይቅ የለም።

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ሐረጎን ሲወጣ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ፣ ሬዲዮውን ዘግቶ፣ አማቱን በላብ አጥምቆ ደሴ የሚገባ ሰው አውቃለሁ። አራቱም ጎማዎቹ ረግበዋል። የረገበ ጎማ አስፋልቱ ላይ ተኝቶ ስለሚንከባለል ባትሪውን እየመጠጠ ነው የሚሄደው። የአማትየው ላብ በከንቱ ፈሰሰ።

እኛ ዘንድ የጎማ ንፋስ የሚለካው በጫማ ነው። ረገጥ፣ ረገጥ፣ «አለው!» በቃ። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ሆዱ ሥር ብዙ መቶ ኪሎ ባትሪ ስለተሸከመ ጎማው ጎኑ ጠንከር ተደርጎ ይሠራል፤ ጎድሎትም እንደ ጠገበ ሰው ኮራ ብሎ ይቆማል። ትክክለኛው ልክ የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ በተለጠፈች ወረቀት ላይ ነው። ጎማው ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ የሚሞላው መጠን አይደለም። ችግሩ፣ ከቻይና በመጣ መኪና ወረቀቷ ቻይንኛ ናት፤ ቁጥሩም በኪሎ ፓስካል ስለሆነ 250 ትል ይሆናል። ይህ በጎሚስታው መለኪያ ወደ 36 ፒኤስአይ ነው። 250ውን አይቶ «ጌታዬ፣ ይህን የምሞላው እርስዎ ራቅ ብለው ከቆሙ ነው» ያለ ጎሚስታ አለ።

ደግሞ የማለዳው መብራት አለ። ማታ ደኅና ያደረ መኪና ንጋት ላይ፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ወርዶ፣ ቢጫ የጎማ ንፋስ ምልክት ያበራል፤ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ይጠፋል። ንፋስ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ በየ5 ወይም 6 ዲግሪው አንድ ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል፤ ጎማው ሲሞቅ ይመለሳል። ለዚህም ነው የሚለካው መኪናው ሦስት ሰዓት ያህል ቆሞ፣ ጎማው ሳይሞቅ የሚባለው። ሠፈሩ ግን ሌላ ፍች አለው፦ ሰላቢ ነው። ቅቤና እህል የሚሰልብ እንደነበረ አውቃለሁ፤ ወደ ንፋስ መዛወሩን የሰማሁት አሁን ነው። የባሰው፣ መብራቱ ጠፋ ማለት ጎማው ሞላ ማለት አለመሆኑ ነው። ብዙ መኪና የሚናገረው ሩብ ያህሉ ከጎደለ በኋላ ነው፤ ያውም እንደ ወሎዬ አፍሮ።

2,500 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድስ? ስድስት መቶ ሜትር ያህል ቁልቁል የውጪው አየር ስለሚከብድ መለኪያው አንድ ፒኤስአይ ያህል ዝቅ ይላል፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ያንኑ ያህል ይመልሳል። ያለ ሽማግሌ የሚታረቁ ሁለት ነገሮች ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

ጎማ ለማስሞላት የቆረጠ ሰው ደግሞ ከወሎ ልግስና ጋር ይጋጠማል። በቀደም አንድ የሠፈራችን መምህር «36 ብቻ» አለው ጎሚስታውን። «እሺ ጋሼ» አለና 45 ላይ አቆመ።

«በዛ እኮ ወንድሜ። እንዲህ ሲነፋ መሐሉ ብቻ ነው መንገድ የሚይዘው። በዝናብ ይንሸራተታል፤ ጎማውም ከመሐል ያልቃል።»

«ጋሼ፣ ሰፍሬ ልስጥዎት? የሰው አገር ሰው ነዎት እንዴ?» አለ ጎሚስታው፣ ፊቱ ጠቁሮ። «ዘጠኟ የኔ ናት። ሒሳብ የለባትም።»

«አስተንፍስልኝ።»

«የገባ ይወጣል? እንግዳ ነው እኮ!»

ኮምፕሬሰሩ ጠፋ። ጥላ ሥር ቡና ይጠጡ የነበሩ ሁለት አዛውንት ተነሡ፤ አንደኛው መቁጠሪያቸውን ወደ ኪሳቸው አስገቡ። ግራ ቀኙን ሰሙ። መምህሩ ወረቀቷን አሳየ፤ ጎሚስታው ልቡን አሳየ። ብዙ ከተመከረ በኋላ ፍርዱ ወጣ፦ የፊቶቹ ሁለት ጎማዎች ለመምህሩ ሲባል 36 ይሁኑ፤ የኋላዎቹ ለጎሚስታው ክብር ሲባል ባሉበት ይቆዩ። «ንፋሱን ያርጋልህ» ብለው መምህሩን መረቁትና በረካው ሳይጠጣ አይሄድም ተባለ።